ምዕራፍ 7፦ ሁለተኛ ብንሆን ምን አለበት?

በኖቬምበር 2009 ቶኪዮ ውስጥ፣ ኢቺጋያ በሚባል ሰፈር የሚገኝ አንድ የስፖርት አዳራሽ በጠረጴዛና በወንበር ተሞልቶ ነበር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥልጣን ከያዘ ገና ጥቂት ወራት የሆነው የጃፓን መንግሥት የየመሥሪያ ቤቱን የበጀት ጥያቄ በሕዝብ ፊት እያስቀረበ ይመረምራል፤ ክርክሩም በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። ተራው የሱፐር ኮምፒውተር ሆነ። ኮቤ ከተማ ላይ የሚተከል፣ በፍጥነት የዓለም አንደኛ እንዲሆን የታለመ ማሽን ነው። ከመርማሪዎቹ አንዷ የምክር ቤት አባሏ ሬንሆ ነበሩ። የሳይንስ ሚኒስቴር ሰዎች ያመጡትን ማብራሪያ ከሰሙ በኋላ፣ አንደኛ መሆን ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ሁለተኛ ብንሆን ምን አለበት? አሉ።

ከመሥሪያ ቤቱ በኩል የተሰጠው መልስ ስለ ቴክኖሎጂ ውድድርና ለሕዝቡ ሕልም ስለ መስጠት የሚያወራ ነበር። አዳራሹን አላሳመነም። ኮሚቴው የማሽኑ በጀት ከመሰረዝ በማይተናነስ ደረጃ እንዲቀነስ ወሰነ። ሳይንቲስቶቹ ደነገጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኖቤል ተሸላሚዎች ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ከመካከላቸው ማሽኑን የሚያስተክለው የሪኬን የምርምር ተቋም ፕሬዚዳንት ሪዮጂ ኖዮሪ ነበሩ። በመጨረሻ ገንዘቡ በአብዛኛው ተመለሰ። ጥያቄው ግን ሰው አፍ ላይ ቀረ።

በሱፐር ኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሳይንስን ያለማወቅ ምሳሌ እየሆነ ይጠቀሳል። እኔ ግን ከጠያቂዋ ጋር ነኝ። ግብር ከፋዩ በልቡ የያዘውን ነው በአፋቸው የተናገሩት። ጥፋቱ የጠያቂዋ ሳይሆን፣ ጥያቄው እንደሚመጣ አውቆ መልስ ያላዘጋጀው ወገን ነው። በዚያ ላይ ታሪኩ የኋላ ኋላ የሠራው ቀልድ አለ። «ኬ» የተባለው ይኸው ማሽን በጁን 2011፣ ተከላው እንኳ ሳይጠናቀቅ፣ በሰከንድ 8 ሺህ ትሪሊዮን ስሌት አልፎ አንደኛ ሆነ፤ በኖቬምበር 10 ሺህ ትሪሊዮንን ተሻገረ። ለተመራማሪዎች በሙሉ አቅሙ የተከፈተው ግን በሴፕቴምበር 2012 ነው። በዚያን ጊዜ ሴኮያ የተባለው የአሜሪካ ማሽን ቀድሞት ስለነበር፣ ኬ ሥራ የጀመረው ሁለተኛ ሆኖ ነው። በሠራባቸው ዓመታትም ለሳይንስ የሰጠው አገልግሎት በዚህ ምክንያት አልጎደለም።

* * *

ማሽኖቹ እንዴት እንደሚሠሩ ባለፉት ምዕራፎች በስፋት አይተናል። እዚህ የምናየው ማሽኑ ለሕዝብ የሚነገርበትን መንገድ ነው። በየማዕከሉ ከመሐንዲሶቹ ጎን የሚቀመጥ አንድ የኮሙኒኬሽን ክፍል አለ። የመጀመሪያው ራስ ምታቱ ተራ ይመስላል፤ ማሽኑ ተመረቀ የሚባለው መቼ ነው?

ድልድይ ከሆነ ሪባን ይቆረጥና መኪና ያልፍበታል። ሱፐር ኮምፒውተር ግን መመረቂያው ብዙ ነው። ውሉ ይፈረማል፤ የመጀመሪያው ካቢኔት በጭነት መኪና ይደርሳል፤ ማሽኑ በዓለም የፍጥነት ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ ገዢው የርክክብ ፈተናውን አልፏል ብሎ ይፈርማል፤ በመጨረሻ ተመራማሪ ሥራውን ይልክበታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት አምስት ዓመት ሊሄድ ይችላል። ፖለቲከኛ የመጀመሪያውን ይወዳል፣ ጋዜጠኛ ሦስተኛውን፣ ሳይንቲስት የመጨረሻውን። የኮሙኒኬሽን ሰው ሁሉንም «ምርቃት» እያለ ከጠራ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ የሚሰማው አያገኝም።

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ያለው ፍሮንቲየር ጥሩ ማሳያ ነው። ሲተከል በ74 ካቢኔቶች ተደረደረ፤ እያንዳንዱ ካቢኔት 3.6 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የክፍሎቹ ብዛት 60 ሚሊዮን ይደርሳል። ተከላው የተካሄደው በ2021፣ ዓለም በቺፕና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እጥረት በተያዘበት ወቅት ነው። ርካሽና ጥቃቅን የሆኑ ክፍሎች ሳይቀሩ እየጠፉ ሥራውን አስተጓጎሉት። ከዚያ በሜይ 30 ቀን 2022 በሀምቡርግ በተካሄደ የሱፐር ኮምፒውተር ጉባኤ የዓለም የፍጥነት ዝርዝር ሲወጣ ፍሮንቲየር 1.102 ኤክሳፍሎፕስ አስመዝግቦ አንደኛ ሆነ። አንድ ኤክሳፍሎፕስ ማለት በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ትሪሊዮን ስሌት ነው፤ በዚህ ዝርዝር ላይ ያንን ወሰን የተሻገረ ማሽን ከዚያ በፊት አልነበረም። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ተጠቃሚዎች በሙሉ የገቡበት ግን በ2023 የጸደይ ወራት ነው።

በመካከሉ ባለው ዓመት አንድ ነገር ሆነ። በኦክቶበር 2022 የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጀስቲን ዊት ለአንድ የሙያ ድረ ገጽ፣ ይህን በሚያክል ማሽን ላይ በአንዱ ብልሽትና በሌላው መካከል የሚያልፈው ጊዜ በሰዓት እንጂ በቀን እንደማይቆጠር ተናገሩ። አንድ ሙሉ ቀን ሳይቋረጥ ቢሠራ ትልቅ ነገር ነው አሉ። ለባለሙያ ይህ አዲስ አይደለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማቀነባበሪያዎች አንድ ላይ ሲሠሩ ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ ይታመማል፤ ለዚህም ነው ረጅም ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም የደረሰበትን በየጊዜው እያስቀመጠ የሚሄደው። በአርዕስተ ዜና ሲወጣ ግን የዓለም አንደኛው ማሽን መቆም አቃተው የሚል ሆነ። የሰውየው ሐቀኝነት ያስመሰግናል። ዓረፍተ ነገሩ መነገር የነበረበት ግን በሜይ፣ ከድሉ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ነው። ያኔ ቢነገር የማሽኑን ግዙፍነት የሚያስረዳ ዕውቀት ይሆን ነበር። በኦክቶበር ሲነገር ግን የእምነት ቃል መሰለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የተነገረ ቀን አይመለስም። ቺካጎ አጠገብ ያለው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይህን በአውሮራ አይቷል። አውሮራ በኤፕሪል 2015 ሲበሰር በ2018 የሚደርስ፣ 180 ፔታፍሎፕስ (ፔታ የኤክሳ አንድ ሺኛ ነው) የሚሠራ ማሽን ነበር። በ2017 ኢንቴል ማሽኑ ሊሠራበት የታሰበውን ቺፕ አቋረጠ። በማርች 2019 የኢነርጂ ሚኒስትሩ ሪክ ፔሪ በተገኙበት አዲስ ብሥራት ተነገረ፤ አውሮራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ በ2021 የአሜሪካ የመጀመሪያው ኤክሳስኬል ኮምፒውተር ይሆናል ተባለ። 2021 መጣ፣ ማሽኑ አልመጣም። ኢንቴል ለአዳዲስ ቺፖቹ ያቀደው የማምረቻ ሂደት ዘግይቶ ነበር። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች የተገጠሙት በጁን 2023 ነው፤ ኤክሳውን ያለፈው በሜይ 2024፣ ለተመራማሪዎች በይፋ የተከፈተው በጃንዋሪ 2025። ዛሬ አውሮራ የሚያኮራ ማሽን ነው። ስሙ ሲነሣ ግን ከሳይንሱ በፊት መዘግየቱ ይነሣል፤ ይህን ያመጣው የቺፑ ችግር ብቻ አይደለም፣ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ማሽን ሳይኖር መነገሩም ነው። የኮሙኒኬሽን ዕቅድ ውስጥ ቀን መጻፍ ያለበት ምናልባት በርክክብ ፈተናው ላይ ተንተርሶ ነው። ሚኒስትር ደግሞ ያለ ቀን መድረክ ላይ መውጣት አይወድም። ይህ ትግል በየሀገሩ አለ፣ ብዙውን ጊዜም ሚኒስትሩ ያሸንፋሉ።

* * *

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የዓለም 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ከ1993 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁንና በኖቬምበር አካባቢ ይወጣል። መመዘኛው ሊንፓክ ይባላል፤ እጅግ ብዙ እኩልታዎችን በአንድ ጊዜ የሚፈታ ፈተና ነው። ፈረስን በሜዳ ላይ እንደማስጋለብ ያለ ነው፤ ዳገቱን፣ ጭቃውንና ጭነቱን አይጠይቅም። ጭነቱን የሚጠይቅ ሌላ መመዘኛ አለ። ኤችፒሲጂ ይሉታል፣ መረጃ ከማስታወሻ ቋት እየተመላለሰ የሚሠራበትን ትክክለኛ የሳይንስ ሥራ ለመምሰል የተዘጋጀ ነው። በእርሱ ሲመዘን ፍሮንቲየር 14 ፔታፍሎፕስ ገደማ ሠራ፤ ይህም የሊንፓክ ውጤቱ አንድ በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ታዲያ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የትኛው ይጻፍ? ሁሉም የሚጽፈውን እናውቃለን።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተደበላለቀ። ለዚያ ሥራ የአኃዝ ጥራቱ ዝቅ ያለ ስሌት ስለሚበቃ፣ በዚህ መንገድ ሲቆጠር ቁጥሩ ያብጣል። በሜይ 2021 በርክሌይ የሚገኘው የፐርልሙተር ማሽን ሲመረቅ ወደ አራት ኤክሳፍሎፕስ የሚጠጋ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አቅም አለው ተብሎ ተነገረ። በሚቀጥለው ወር በዓለም ዝርዝር ላይ የሰፈረው 64 ፔታፍሎፕስ ገደማ ሆኖ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሚለኩት ነገር ይለያያል እንጂ አንዱ ውሸት አይደለም። መግለጫውን የሚያነብ ሰው ግን በመካከላቸው ያለውን የ60 እጥፍ ልዩነት በምን ይወቀው? የትኛው የስሌት ዓይነት እንደተቆጠረ በአንድ መስመር መጻፍ ከባድ አይደለም፤ የማይጻፈው ቁጥሩ ስለሚያንስ ነው።

ቁጥሩን ጨርሶ እምቢ ያለም አለ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ብሉ ዋተርስ የተባለውን ማሽኑን ሲያስመርቅ ወደ ዝርዝሩ አልላከውም። የሊንፓክ ውጤት ማሽኑ በእውነተኛ የሳይንስ ፕሮግራሞች ላይ ያለውን ብቃት አያሳይም የሚል ክርክር ይዘው በ2013 ያለ ደረጃ ሥራ ጀመሩ። ደፋር ውሳኔ ነበር፤ ዋጋም አስከፍሏል፣ ምክንያቱም ጋዜጠኛ ደረጃ የሌለውን ማሽን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ቻይናውያን ደግሞ በሌላ ምክንያት ዝም አሉ። በ2021 ቻይና የኤክሳ ወሰንን የተሻገሩ ማሽኖች እንዳሏት በሰፊው ተነገረ፤ ወደ ዝርዝሩ ግን አልተላኩም። የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በነበረበት ጊዜ ማን ምን ቺፕ እንዳለው ማወጅ ምን ይጠቅማል? ይልቁንም የአዲሱ ሰንዌይ ማሽን ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት በሱፐር ኮምፒውተር ዓለም ትልቁን ሽልማት፣ ጎርደን ቤልን ወሰዱ፤ ዓለም ማሽኑን ያወቀው በሠራው ሥራ ነው።

ከምርቃቱ በፊት ባለው ሳምንት የኮሙኒኬሽን ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የሚኖረው ወረቀት ከመግለጫው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከተወሰነ ሰዓት በፊት እንዳይታተም የሚል ማሳሰቢያ ያለበት ረቂቅ አለ፤ የመጨረሻው የሊንፓክ ውጤት እስኪገባ ድረስ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። ውጤቱ ከታለመው በታች ቢሆን የሚወጣ ሁለተኛ ረቂቅም ብልህ ቢሮ ያስቀምጣል። ፎቶግራፉ ሌላ ጣጣ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ማሽን የጥቁር ቁም ሣጥን ረድፍ ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው ቧንቧውና ኬብሉ ሳይሸፈን በተከላው ጊዜ መግባት አለበት። በአየር የሚቀዘቅዝ ክፍል ከሆነ ደግሞ የማራገቢያው ጩኸት ቃለ መጠይቅ አያስቀርጽም፤ ሳይንቲስቱ ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። (በ1976 የወጣው ክሬይ 1 የፎቶግራፉ ችግር አልነበረበትም። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነበር፣ ዙሪያውን የኃይል ማከፋፈያውን የሚሸፍን መቀመጫ ተገጥሞለታል፤ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ፎቶ የሚወጣለት ማሽን አልተሠራም።) ከሁሉም ወረቀቶች የሚበልጠው ግን ማንም የማያየው ነው፤ ደስ የማይሉ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው የተጻፉበት። መብራቱን ማን ይከፍላል? ውኃው ከየት ይመጣል? የጦር መሣሪያ ይሠራበታል ወይ? ለምን ከውጭ ኩባንያ ተገዛ? ሁለተኛ ብንሆንስ?

የመብራቱን ጥያቄ ፊንላንዶች አስቀድመው ስለመለሱት ለመግለጫቸው ዋና ታሪክ አደረጉት። ሉሚ የተባለው የአውሮፓ ማሽን ካያኒ በምትባል የሰሜን ከተማ፣ በ2008 በተዘጋ የወረቀት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው የተተከለው። ኤሌክትሪኩ ከውኃ ኃይል ይመጣል፤ ማሽኑ የሚተፋው ሙቀት ደግሞ ወደ ከተማዋ የማሞቂያ ቧንቧ ይገባና የፍላጎቷን አንድ አምስተኛ ገደማ ይሸፍናል። ለካያኒ ሰው ፔታፍሎፕስ ምንም ላይሆን ይችላል። ሥራ ያጣ ግቢ እንደገና ሥራ ማግኘቱና በክረምት ቤቱ መሞቁ ግን ይገባዋል።

ስም ማውጣትም ዕቅድ ይፈልጋል። ጃፓኖች ለኮቤው ማሽን ስም እንዲያወጣ ሕዝቡን ጠየቁ፤ የተመረጠው «ኬ» በእነርሱ አቆጣጠር አሥር ሺህ ትሪሊዮንን የሚጠራ የቁጥር ስም ነው። ከተማዋ ከመደሰቷ የተነሣ በሰው እጅ በተሠራው የወደብ ደሴት ላይ ያለውን የባቡር ጣቢያ በ2011 «ኬ ኮምፒውተር ፊት ለፊት» ብላ ሰየመችው። ማሽን ግን እንደ ጣቢያ አይቆይም። ኬ በኦገስት 2019 ጠፋ፤ ካቢኔቶቹ ወጡ፤ ባቡሩ ግን በሌለ ማሽን ስም መቆሙን ቀጠለ። በ2021 የጣቢያው ስም እንደገና ተለወጠና «የስሌት ሳይንስ ማዕከል» ሆነ። ማዕከሉ ከማሽኖቹ የሚበልጥ ዕድሜ እንዳለው ትምህርት የተወሰደ ይመስላል።

በኬ ቦታ የገባው ፉጋኩ ነው። ስሙ አሁንም ከሕዝብ ጥቆማ የተገኘ ሲሆን የፉጂ ተራራ ሌላ መጠሪያ ነው። ሪኬን ሲያብራራ፣ የተራራው ከፍታ የማሽኑን አቅም፣ የግርጌው ስፋት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን ብዛት ያመለክታል አለ። እዚህ ላይ ከ2009 የተማሩት ነገር ይታያል፤ ግርጌው ተጠርቷል። ማሽኑ ሲነደፍም ግቡ በሊንፓክ ደረጃ አልተቀመጠም፤ በተመረጡ የሳይንስ ፕሮግራሞች ላይ ከኬ እስከ 100 እጥፍ መፍጠን ነበር። ከዚያ ማንም ያላቀደው መጣ። የፉጋኩ ካቢኔቶች ኮቤ መድረስ የጀመሩት በዲሴምበር 2019 ነው፤ የመጨረሻው የገባው በሜይ 2020። ኮሮና ጃፓንን ሲመታ ሪኬን በኤፕሪል፣ ተከላው ሳያልቅ፣ የተተከለውን ያህል ለወረርሽኙ ምርምር ከፈተው። የማኮቶ ሱቦኩራ ቡድን ሰው ሲያስልና ሲናገር የሚወጣው ጠብታ በአየር ላይ እንዴት እንደሚሄድ ማስላት ጀመረ። ባቡር ውስጥ መስኮት ሲከፈት፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲቀመጡ፣ ጭንብል ሲደረግና ሲወልቅ እያሉ አንድ በአንድ አሳዩ። በየቀለሙ የተበተኑ ነጠብጣቦች በቴሌቪዥን ታዩ። በጠረጴዛ መካከል የሚቆም መከለያ ከወለሉ 1.4 ሜትር ያህል ከፍታ ቢኖረው እንደሚሻል ተነገረ፤ ይህ ማንኛውም የምግብ ቤት ባለቤት በሜትር ለክቶ የሚሠራው ነገር ነው።

በጁን 22 ቀን 2020 ፉጋኩ በ415 ፔታፍሎፕስ የዓለም አንደኛ ሲሆን፣ በአራት መመዘኛዎች በአንድ ጊዜ መምራቱም ተበሰረ። ዜናው ግን ማሽኑን ለጃፓናውያን አላስተዋወቀም፤ አስቀድመው በጭንብሉ ያውቁት ነበር። በሙሉ ለተጠቃሚ የተከፈተው በማርች 2021 ነው፤ በዚያው ዓመት የጠብታው ጥናት ለኮቪድ ምርምር የተሰጠውን ልዩ የጎርደን ቤል ሽልማት ወሰደ። በ2022 ፍሮንቲየር ሲቀድመውም ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም።

* * *

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ እንዲታዩ የተፈለጉ ምርቃቶች ናቸው። እንዳይታይ የሚፈለግም አለ።

ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ የቀድሞ የትምባሆ ፋብሪካ ግቢ ሁለት ትልልቅ የኮምፒውተር ማዕከሎችን ይዟል። አንዱ ሊዮናርዶ የተባለው ማሽን ያለበት ነው፤ ማሽኑ በኖቬምበር 2022 ሲመረቅ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሰርጂዮ ማታሬላ ተገኝተዋል። ጎረቤቱ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ነው። ይህ ማዕከል የስሌት ሥራውን ከእንግሊዟ ሬዲንግ ወደ ቦሎኛ ያዛወረው ትንበያው አንድም ቀን ሳይቋረጥ ነው። የመረጃ ማዕከሉ ሕንፃ በሴፕቴምበር 2021 በሥነ ሥርዓት ተከፈተ፤ የዕለት ተዕለት ትንበያው ከአዲሱ ማሽን መውጣት የጀመረው ግን በኦክቶበር 2022 ነው። በመካከል ያለፈው ዓመት ከሞላ ጎደል የኮሙኒኬሽን ሥራ ነበር፤ ለጋዜጠኛ ሳይሆን ለቴክኒክ ሠራተኛ። የማዕከሉን መረጃ የሚቀበሉ የየሀገሩ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች አስቀድሞ የሙከራ መረጃ ከአዲሱ ማሽን እየደረሳቸው ሥርዓታቸውን ፈተሹ፤ ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደማይለወጥ በጽሑፍ ተነገራቸው።

ከዚህ ማዕከል ምርት ተቋዳሾች መካከል የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም አለ፤ ባለሙያዎቹ የበልግና የክረምት ትንበያ ሲያዘጋጁ ከሚያመሳክሯቸው ምንጮች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የማሽኑን ደረጃ አይጠይቅም። የሚፈልገው የመረጃው ሰዓት፣ የፋይሉ ዓይነትና ችግር ሲገጥም ማንን ማነጋገር እንዳለበት ነው። የቦሎኛው ዝውውር ዕቅድ የተጻፈው ለእርሱ ነበር፤ ጋዜጦች ስለ ዝውውሩ ብዙ ባይሉም ይህ እንደ ውድቀት አይቆጠርም።